ባሱን ቀንሱ፣ ሸክላውን አምጡ

ዲጋ ላይ አርጅቶ መኖር ድሮ የሚያስቀና ነገር ነበር። ጠዋት ቡና፣ ረፋድ ላይ ቡና፣ ከሰዓት በኋላ የተጣሉ ባልና ሚስት ማስታረቅ፣ ለእሱም ቡና፣ ማታ እንቅልፍ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚያልፈው ጭነት መኪና ወደ ዴዴሳ ከመውረዱ በፊት ከሚነፋው ጥሩምባ በቀር ሌሊቱን የሚረብሽ አልነበረም። አሁን እንቅልፍ የለም፤ ባስ አለ።

ጎረቤቶቼ ሞንታርቦ የሚያከራዩ ጎረምሶች ናቸው። ለሰርግ፣ ለምረቃ፣ ለቀበሌ ስብሰባ ያከራያሉ። እንጀራቸው ነው፤ አልቃወምም። የምቃወመው ተከራይ በጠፋ ቀን የሚያደርጉትን ነው። ዕቃው እንዳይበላሽ «መሟሟቅ አለበት» ይላሉ። ሞንታርቦ ደግሞ መች ብርድ መታው? ብቻ ሲያሟሙቁ ያመሻሉ። ከዘፈኑ ወደ እኔ ቤት የሚደርሰው ዱም ዱሙ ብቻ ነው፤ ዜማው፣ ግጥሙ፣ ክራሩ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲኒዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። ከባለቤቴ ጋር የተነሣነው የሰርግ ፎቶ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ዞሮ ግድግዳውን ያያል። አቃናዋለሁ፤ ማታ ተመልሶ ይዞራል። እሷ ደግሞ «ድሮም ፊትህን ማየት አልፈለገም» ትለኛለች።

የልጅ ልጄ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሯል። ሄዶ ይገላግለኛል ብዬ ብጠራው ቁጭ ብሎ ያስተምረኝ ጀመር።

«አካኮ፣ ወፍራም ድምፅ ማዕበሉ ረጅም ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ማዕበል ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። የእርስዎ ግድግዳ ውፍረቱ ስንት ነው?»

«ጭቃው ከነጭዱ ስንዝር ቢሆን ነው።»

«ታዲያ በምን አቅሙ ይመልሰዋል? ቀጭኑን ድምፅ ያስቀርልዎታል፤ ወፍራሙን ግን አይችለውም።»

በእኛ ጊዜ የረበሸ ጎረምሳ ለሽማግሌ ይከሰስ ነበር። አሁን የተረበሸው ሽማግሌው ራሱ ሆኗል፤ አቤት የሚባለው ለፊዚክስ ነው?

ሙዚቃ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ነቀምቴ ላይ ካሴት ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ካሴቱ ከመርካቶ በካርቶን ታስሮ፣ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገጫገጭ መጥቶ እጄ ይገባል። ክረምት ላይ ላስቲኩ ሾልኮ የሽፋኑ ቀለም ይፈስና የወንዱ ዘፋኝ ጺም ሴቷ ዘፋኝ አገጭ ላይ ይገኛል። ደንበኛ ግድ አልነበረውም። ድምፅ ማጉያዬን ከሱቁ ደፍ ላይ አወጣለሁ፣ አዲሱን ካሴት እከፍታለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ መንገዱን አያለሁ። አላፊ አግዳሚው ራሱን ቢነቀንቅ ከቁም ነገር አልቆጥረውም፤ ራስ መነቅነቅ ነጻ ነው። ጆንያ ቡና የተሸከመ ሰው ቆም ካለ «ደህና ነው» እላለሁ። ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳለ ወደ ሌላው ትከሻ ካዛወረው ልቤ ይሞቃል። አውርዶ ካዳመጠ ግን አለቀ፤ በማግስቱ መርካቶ ደውዬ «ሌላ ካርቶን ላክ» ነው። የሙዚቃ ሂስ ማለት ለእኔ ይሄ ነበር። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ፤ ጆንያው ወርዷል ወይስ አልወረደም?

እንዲህ ያለ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ዱም ዱሙ ምን እንደሆነ ሳያጣራ ቢጮህ ያሳፍራል። ስለዚህ የልጅ ልጄን «ፍላሽህን ይዘህ ና» አልኩት። መጣ። ስሙ ኤሌክትሮ ባስ ነው አለኝ። ከማን እንደተወለደም ነገረኝ፤ የዘር ሐረግ መቁጠር ለእኛ ለወለጋ ሰዎች አይሰለቸንምና አዳመጥኩት።

ሮላንድ የሚባል የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በኋላም የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ቲአር 808 የተሰኘ የከበሮ ማሽን አወጣ። የኩባንያው መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ሌላው ጉድለት አለበት ብሎ የጣለውን ትራንዚስተር ሆን ብሎ እየገዛ ይከትበት ነበር፤ ያ ብልሽት ነው ለድምፁ ልዩ ጠባይ የሰጠው። ባለሙያዎቹ «ከበሮ አይመስልም» ብለው ናቁት። በ1983 የተበላሸው ትራንዚስተር ሲያልቅ ማሽኑም አበቃለት፤ እስከዚያ የተሠራው ወደ 12 ሺህ ቢሆን ነው። ልብ አድርጉልኝ፣ የተበላሸ ዕቃ አልቆበት የተዘጋ ሥራ! እኛ አገር ቢሆን ለመቶ ዓመት የሚበቃ እናቀርብለት ነበር። ዋጋው ወርዶ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሲገባ የኒውዮርክ፣ የዲትሮይትና የማያሚ ጥቁር ወጣቶች አነሡት። አፍሪካ ባምባታማ ማሽኑ ገና ሳይቋረጥ በ1982 ክራፍትወርክ ከሚባሉት ጀርመኖች ዜማ ወስዶ ከዚህ ማሽን ጋር አጋባና «ፕላኔት ሮክ»ን አወጣ። ማያሚዎች ደግሞ ባሱን ይበልጥ አወፍረው በመኪና ፖርታ ባጋሊ ጭነው ሰፈር ለሰፈር አዞሩት። ይኸው እንግዲህ፣ ጃፓን የሠራው፣ ጀርመን ያዜመው፣ አሜሪካ ያወፈረው ነገር ዲጋ ደርሶ የእኔን ሲኒ ያንጫጫል።

ዲትሮይት ላይ ድሬክሲያ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ። ፊታቸውን አያሳዩም፣ ስማቸውን አይናገሩም፣ መድረክ ላይም እምብዛም አይታዩም፤ ሸክላ ብቻ ያወጣሉ። በእኛ አገር ፊቱን ሸፍኖ የሚኖር ሰው ወይ ዕዳ አለበት ወይ ከአማቱ ተደብቋል። ይህንኑ ስናገር ልጁ «ቆይ አካኮ» ብሎ በ1997 ከወጣው «ዘ ክዌስት» ከሚለው ሥራቸው ጋር የታተመውን ተረት አነበበልኝ። በባሪያ ንግድ ጊዜ ከመርከብ ወደ አትላንቲክ የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያት ነበሩ፤ በማኅፀናቸው ያሉት ልጆች ውሃ ውስጥ መተንፈስ ለምደው ከባሕር በታች አገር መሠረቱ ይላል ተረቱ። ስቲንሰን በ2002 ዐረፈ። ይህን ከሰማሁበት ቀን ወዲህ ጎረቤቶቼ የእነሱን ሥራ ሲከፍቱ አልቆጣም። የሌላውን ሲከፍቱ ግን ለሁለቱም እቆጣለሁ።

የእኔ ዋና ብሶት ያለው እዚህ አገር ቤት ነው።

ሚካኤል ሰይፉ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ አለ። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ራማፖ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምሮ የተመለሰ ነው። ሌላው እንደገና ሙሉ ነው፤ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም ይሠራል። የሚሠሩት ሙዚቃ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይባላል። የአዝማሪውን ድምፅ፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ ክራሩን ወስደው ኮምፒውተር ላይ ይቆራርጡታል፣ ይደጋግሙታል፣ ከሥሩ ባስ ያነጥፉበታል። ሲከፈትልኝ በመጀመሪያ የሰማሁት የማውቀውን ማሲንቆ ነው። ቀጥሎ ማሲንቆው ተቆረጠ። የቴፔ ሪል ተጠላልፎ ቆርጬ በእስኮች የቀጠልኩትን ካሴት አስታወሰኝ፤ እኔ ያን ጊዜ ለደንበኛ ሳስረክበው ይቅርታ ጠይቄ ነበር፣ እነዚህ ሆን ብለው ያደርጉታል። ቢሆንም አዳመጥኩ። ደግሞም አዳመጥኩ። ጥሩ አይደለም ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀኑ ቀርቧል።

«ታዲያ ይሄ ካሴት የት ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ እሱ ነው ጉዱን ያወጣው።

ሚካኤል በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን አወጣ። የት? ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዳዊት ኤክሉንድ ከጓደኞቹ ጋር ባቋቋመው «1432 አር» በሚባል አሳታሚ። በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ። የት? ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ «አርቪኤንጂ ኢንተርናሽናል» በሚባል አሳታሚ። በምን? በሸክላ! አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ የዘመኑን ዘፋኞች በሸክላ ሲያሳትም ነቀምቴም ገዝታለች፣ ጨፍራለች። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላ ቀረ፤ ማጫወቻውም አብሮ ቀረ። ዲጋ ላይ የማውቀው አንድ የሸክላ ማጫወቻ መርፌው ካለቀ ወዲህ ዶሮ ታቅፍበታለች፤ ለዶሮዋም ተስማምቷታል፣ በየዓመቱ ታስፈለፍላለች። እንግዲህ የአራዳ ልጅ የሠራው፣ የአዝማሪ ድምፅ ያለበት ሙዚቃ ብሩክሊን ታትሞ፣ እኛ ወለጋ ሆነን ወሬውን እንሰማለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ልጁ «ኢንተርኔት ላይ አለ እኮ» ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በወለጋ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለወራት በተዘጋበት ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለእኛ ከላሟ አጠገብ ሰማይ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሙዚቃ የሄደው በፍላሽና በሚሞሪ፣ ከኪስ ወደ ኪስ ነው። አሁንም ቢሆን ነቀምቴ ላይ አንዲት ኮምፒውተር ይዘው ለሰው ስልክ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች አሉ። ዘፈኑን የሚመርጡት እነሱ፣ የሚያስተዋውቁት እነሱ፣ ድምፅ ማጉያ ደፍ ላይ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ብሩክሊን ያለው አሳታሚ ስለ እነዚህ ልጆች ሰምቶ ያውቃል? የሙዚቃው የዘር ሐረግ ውስጥ ጃፓን አለች፣ ጀርመን አለች፤ ነቀምቴ የለችም።

ደግሞ ይህ ነገር የመጀመሪያው ቢሆን እሺ። ኃይሉ መርጊያን አስታውሱ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል የተጫወተ፣ በ1977 «ቼ በለው»ን ያወጣ፣ በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በ1985 ብቻውን ቁጭ ብሎ አኮርዲዮኑን ከሞግና ከያማሃ ኪቦርድ፣ ከከበሮ ማሽን ጋር አስማምቶ አንድ ካሴት ሠራ፤ ሽማግሌዎቹ በሙሉ «ይሄ ሰውዬ አኮርዲዮኑን ምን በደለው ነው ከማሽን ጋር የሚያጋባው?» አሉ። ዛሬ እነሱ የሉም፤ ማማረሩን ለእኔ አውርሰውኛል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ፖርታ ባጋሊ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ማያሚዎች ፖርታ ባጋሊያቸውን ሰፈር ሲያናጉበት፣ የእኛው ሰው በዝምታ ይለማመድበታል። ከዚያ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ያቺን የ1985 ካሴት አገኘ፤ በ2013 እንደገና አሳተማት፤ ኃይሉም መድረክ ላይ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ደስ ይላል፤ እሰይ ብያለሁ። ግን ፈረንጁ ካሴቷን ያገኘው ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ነው። ካሴት ሻጭ ደፉ ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ፣ አቧራዋን ጠርጎ፣ ባያቆያትስ ኖሮ? ስለዚያ ካሴት ሻጭ አንድም ሰው ሲጽፍ አላየሁም። እኔ ነኝ እየጻፍኩለት ያለሁት፤ ሙያዬ ነውና።

ውጭ ታትሞ ወደ አገር መግባት ለነቀምቴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ሆነው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 አሳተሙ። አስቴር በልጅነቷ የሰማችውን ተረትና ዘፈን ከትዝታዋ እየጻፈች ያስገባችበት መጽሐፍ ነው። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በ1904 ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ገባ፤ መጽሐፉም ተነበበ። መኪና የለ፣ አስፋልት የለ፣ ፍላሽ የለ። ከ1899 እስከ 1904 አምስት ዓመት ነው። «ዘላለም» በ2016 ወጥቶ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ግምገማው ልምጣ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ፒችፎርክ የሚባል የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት አለ፤ «ዘላለም»ንም ገምግሟል። ለአንድ ሥራ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፤ ያውም ከነአሥረኛው። 7.4 ይላል፣ 8.1 ይላል። እኔ የምጠይቀው ያ አሥረኛው ምንድን ነው? ሰውየው ጆንያውን በአንድ እጁ ደገፍ አድርጎ ቆሟል ማለት ነው? 7.4 ሲሆን ጆንያው የት ጋ ነው፤ ትከሻ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ጉልበት ላይ? ልጁ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ውጭ አገር የተጻፈውን እየተረጎመ ያነብልኛል። ማሲንቆ በሰሙ ቁጥር «ጥንታዊ» ይላሉ። ማሲንቆው እኮ ባለፈው በጋ የተሠራ ነው፤ ጭራውን የሰጠው ፈረስ እስካሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይመጣል። አዝማሪው ድምፁን ከፍ ካደረገ «ምሥጢራዊ» ይሉታል። ምን ምሥጢር አለው? «ጌታዬ፣ ሸልሙኝ» ነው የሚለው። ባሱን ደግሞ «ሞቅ ያለ» ነው ይላሉ፤ ሞንታርቦ ማሟሟቅ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

እነሱን ግን ብዙ አልወቅስም። ሩቅ ሆነውም ቢሆን ቁጭ ብለው አዳምጠዋል፤ ጽፈዋል። የእኛዎቹ ጸሐፊዎችስ? የአንድ ዘፋኝ ትዳር ሲፈርስ ሦስት ገጽ የሚወጣበት አገር ውስጥ ስለ አንድ ባስ ጥራት ሦስት መስመር ማግኘት ከባድ ነው። ሬዲዮውን ስከፍት «አዲሱን ሥራህን እንዴት አየኸው?» ብለው ዘፋኙን ራሱን ይጠይቁታል። እንዴት ያየዋል! ወልዶት የለ እንዴ! ተከሳሹን ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

ሮፍናን ኑሪ በ2018 «ሪፍሌክሽን»ን ሲያወጣ ነገሩ ትንሽ ተለውጧል። ኤሌክትሮኒኩም ባሱም አለ፤ ግን እሱ ይዘፍናል፣ ግጥም አለው። ባሱን በማር ለውሶ ነው ያጠጣን፤ ባጃጁም ሚኒባሱም ዋጠው። ማር የሌለበትን የሚያቀርቡት ግን እስካሁን ከአዳማጭ ይልቅ ገምጋሚ ነው ያላቸው።

ስለ መድረኩ ደግሞ የልጅ ልጄ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ጨለማ ነው። ጭስ አለ። አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል። አንዳንዴ አንድ ቁልፍ ያዞራል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ምን አደረገ? «ባሱን አወረደው» አለኝ። ቀጥሎ አንድ ነገር ነካ፤ ሕዝቡ ዝም አለ። አሁንስ? «ባሱን ያዘው።» ከዚያ ምን ይሆናል? «ይለቀዋል።» ለዚህ ነው ሰው ገንዘብ ከፍሎ የቆመው። እኔ ደግሞ ደብዳቤ እየጻፈ መስሎኝ ለማን ይሆን ስል ነበር።

ካዛንቺስ በነበረው በመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት፣ በፈንድቃ፣ አዝማሪው ደንበኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ ነበር የሚሰድበው፤ ደንበኛውም ግጥም ይወረውርለት ነበር፤ ሁለቱም ላብ በላብ ይሆኑ ነበር። እኛ ዘንድ ጌረርሳ የሚያወርድ ሰው አለ። ስንት አውሬ እንደጣለ እየዘረዘረ አንበሳው ላይ ሲደርስ፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆኖ «እህህ» ብሎ ያስላል። ሰውየው ዜማውን ሳያቋርጥ አንበሳውን ወደ ነብር ያወርደዋል። ሽማግሌው አሁንም ካሳለ ከርከሮ ይሆናል። እሱ ነው መድረክ ማለት። ላፕቶፕ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ማን ያስልበታል? ቢያስሉበትስ ከዚያ ሁሉ ዱም ዱም ሥር መች ይሰማዋል?

ይህን ሁሉ ብዬ ዝም ልል ነበር። ነገር ግን ሰፈራችን አንድ ሰርግ ሆነ።

ዳሱ ተጥሏል፤ ሞንታርቦው የጎረቤቶቼ ነው፤ መብራት ሄዷል፤ ጀነሬተሩ ከዳሱ ኋላ ያንኮራፋል። ዘፋኙ እራት ለመብላት ሲቀመጥ የልጅ ልጄ ፍላሹን ሰካ። ከእነዚያ ከተቆራረጡት ማሲንቆዎች አንዱ ነበር። ጎረምሶቹ ወዲያው ተነሡ፤ እነሱ በጀነሬተሩም ይጨፍራሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ማሳል የእኔ ተራ መሆኑ ነው። ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ ሳለሁ አዴያችን (በሰፈሩ ሁሉም አዴ ነው የሚሏት፣ ከእኔ ትበልጣለች) ገንቦ ፋርሶ፣ የእኛን ጠላ፣ አዝላ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁለት እርምጃ ሄደች። ቆመች። የሚቀበላት ልጅ እጁን ቢዘረጋ በክርኗ ገፋችው። ከዚያ ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ የማዘያውን ገመድ ፈታች፣ ገንቦውን ከሞንታርቦው ፊት ለፊት መሬት አስቀመጠችው። ፋርሶው ገንቦው አፍ ላይ በየዱሙ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አየችው። ጆሮዋን አዘነበለች። ማሲንቆው ሄዶ ተመለሰ፤ እሷም በጭንቅላቷ ሄዳ ተመለሰች። ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ «እንዴት ነው?» አሏት።

«ከበሮው ሰክሯል» አለች። «ማሲንቆው ግን ሰውየውን ደግፎ ወደ ቤቱ እያስገባው ነው።»

ገንቦዋን መልሳ አዘለችና ሄደች። ፒችፎርክ ከነአሥረኛው እንዲህ ይጻፍ! እኔም ማሳሌን ትቼ ተቀመጥኩ፤ ሸክም ወርዷላ! በእኔ ሕግ በማግስቱ ደውዬ ካርቶን ማዘዝ ነበረብኝ። ለማን ልደውል? ብሩክሊን? «ሃሎ፣ ዲጋ ነኝ፣ አንድ ካርቶን በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ላኩልኝ» ልበል? ያን ሌሊት ያልተኛሁት በባሱ አይደለም። ዕቃው ፈላጊ አግኝቶ ነጋዴው ባዶ እጁን መቅረቱ ነው ያልዋጠልኝ።

ስለዚህ እናንተ ኤሌክትሮኒክ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ስሙኝ። መንገዱ ደህና በሆነ ጊዜ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ለመስቀል ሰሞን ኑ፤ አንጮቴ የሚበላበት ነው። ነቀምቴ አንድ ምሽት፣ ዲጋ አንድ ምሽት ተጫወቱ። ጀነሬተር እኛ እናቀርባለን፤ ናፍጣው የእናንተ ነው። ሞንታርቦ ሁለት ይበቃል፤ አራት ካደረጋችሁ የኔ ቤት ፎቶ መቼም አይቃናም። አፉን ወደ ዴዴሳ በኩል አዙሩት፤ በዚያኛው በኩል የንብ ቀፎዎቼ አሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይበቃል። ላፕቶፑን ትንሽ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና ቀና በሉ፤ ፊታችሁን እንይ፣ ሲያስፈልግ እንድናስልባችሁ። ከፊት ወንበር ላይ አዴን እናስቀምጣለን፤ የምትለውን ከወደዳችሁት ጽፋችሁ ውሰዱ፣ ካልወደዳችሁትም ጽፋችሁ ውሰዱ።

ባዶ እጃችሁን ግን አትምጡ። ሸክላውን ለዶሮዋ ተዉት፤ በፍላሽ ይሁን በሚሞሪ፣ የቻላችሁትን ያህል ቅዱና በካርቶን አምጡ። የማከፋፍለው እኔ ነኝ፤ ከመቶ አሥር እወስዳለሁ፣ ድሮም ዋጋዬ ይሄው ነበር። ሂሳብ በዕለቱ ነው፤ ዱቤ የለም።